ከቁልቢ ማዶ ያለችው ከተማ

በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን ስለት ያለበት ሁሉ ጃንጥላውንና ጧፉን ይዞ ወደ ቁልቢ ገብርኤል እንደሚጎርፍ አንባብያን ሁሉ ያውቃሉ። ከዚህ ሁሉ ተጓዥ መካከል ግን ስለቱን አግብቶ፣ ጠበሉን በጀሪካን ቀድቶ፣ ወደ መጣበት የሚመለሰው ይበዛል። ሐረር ከቁልቢ ከሁለት ሰዓት የማይበልጥ መንገድ ሆና ሳለ፣ እኛም ራሳችን ሦስት ጊዜ ቁልቢን ተሳልመን ሦስቱንም ጊዜ ፊታችንን ወደ አዲስ አበባ መልሰናል። ምክንያታችን ምን እንደ ነበር ብንጠየቅ የምንመልሰው አልነበረንም። በአራተኛው ጊዜ ግን፣ ሁለቱን ልጆቻችንንና ሰማኒያ ዓመት ያለፋቸውን አያታችንን ይዘን፣ መንገዱን ወደፊት ቀጠልን።

ከመቀጠላችን በፊት ስለ ጨለንቆ አንድ ነገር መናገር ይገባናል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ቁልቢ ከመድረሱ ጥቂት አስቀድሞ ጨለንቆን ያልፋል። በዚህ ሥፍራ በ1879 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ፣ ገና ንጉሠ ነገሥት ሳይባሉ፣ ከሐረሩ አሚር ከአብዱላሂ ጋር ተዋግተው ድል አደረጉ። ውጊያው ረጅም ጊዜ አልወሰደም። ነገር ግን ከሐረሪዎችና አብረዋቸው ከተሰለፉት ከኦሮሞዎችና ከሶማሌዎች ወገን የወደቀው ሰው ብዙ ነበር። የአያታችን ቅድመ አያት በንጉሡ ጦር ውስጥ ስለ ነበሩ፣ ይህ ታሪክ በቤታችን በየበዓሉ ሲተረክ ያደግንበት ነው። ስለዚህም አያታችን መኪናው ጨለንቆን ሲያልፍ በመስኮት ጣታቸውን ዘርግተው፣ «ይኸውላችሁ ልጆች፤ አባቶቻችን ድል ያደረጉት እዚህ ነው» አሉ። ልጆቹም አዩ፤ መኪናውም አለፈ።

የቁልቢ በዓል ባለፈ በማግስቱ ተነሥተን የሐሮማያን ሐይቅ በቀኝና በግራ እያፈላለግን ሄድን። ሐይቁ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ፈጽሞ ደርቆ፣ አልጋው የከብት ማሰማሪያ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። ዛሬ ውሃ ተመልሶበት ወፎች ሲያርፉበት ማየት ያስደስታል። ከዚያም ቀጥሎ አወዳይ አለች፤ የጫት ገበያዋ እጅግ ስለ ታወቀ ስለ እርሷ ብዙ አንናገርም።

ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ የወይና ደጋ ከተማ ናት። ከታች በኩል ወደ ዘይላ ወደብ የሚወርደው በረሓ፣ ከላይ በኩል የሐረርጌ ደጋ አለ። የግመል ቅፍለት ከባሕር ጨውና ጨርቅ ይዞ ሲወጣ፣ ከደጋው ቡናና ሙጫ፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ይዞ ሲወርድ፣ ማረፊያውና መገበያያው እርሷ ነበረች። በቡና በኩል ከተማዪቱ ለአገራችን ስም ያተረፈች ናት። በሌላ በኩል ደግሞ አባቶቻችን ቡናን «የእስላም መጠጥ ነው» እያሉ ይርቁት እንደ ነበር፣ ክርስቲያኑም በሰፊው የለመደው ከመቶ ሃምሳ ዓመት ወዲህ መሆኑን ስናስታውስ፣ ዛሬ ከቅዳሴ መልስ የምንሰበሰብበት ስኒ ከማን ቤት እንደ መጣልን መዘንጋት አይገባንም።

ከጂቡቲ የመጣው የምድር ባቡር ግን ወደ ሐረር አልወጣም። ሐዲዱ ተራራውን መውጣት ስላልተቻለው በ1895 ዓ.ም. ከግርጌው ድሬዳዋ ላይ አረፈ፤ ንግዱም ከጊዜ ወደ ጊዜ ወደዚያው ወረደ። ለነጋዴው ይህ ጉዳት ነበር። በእኛ አስተያየት ግን አሮጌው ከተማ ሳይፈርስ ለዛሬ ከደረሰባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

አሮጌውን ከተማ ጀጎል ይሉታል። ጀጎል የግንቡ ስም ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ከተማም በዚሁ ይጠራል። የግንቡ ዙሪያ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ግድም፣ ቁመቱ አራት ሜትር ግድም ነው። በዚህ 48 ሄክታር ብቻ በሆነ ቦታ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ መቃብሮች ይቈጠራሉ፤ ከመስጊዶቹም ሦስቱ ከአንድ ሺህ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ አላቸው። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ከዓለም ቅርሶች መዝገብ አግብቷታል፤ ብዙ ሙስሊሞችም የእስልምና አራተኛዪቱ ቅድስት ከተማ ይሏታል።

ጥንታውያኑ በሮች አምስት ናቸው፤ በአማርኛ ሸዋ በር፣ ፈላና በር፣ ኤረር በር፣ ሰንጋ በርና ቡዳ በር ይባላሉ። የመጨረሻው ስም ለእኛ ጆሮ እንደሚከብድ የታወቀ ነው፤ ሐረሪዎች ግን በራሳቸው ቋንቋ «በድሮ በሪ» እንጂ እንዲህ አይሉትም። መኪና የሚገባበት ሐረር በር ከጊዜ በኋላ የተከፈተ ስድስተኛ ነው። በሮቹ በድሮ ዘመን ማታ ማታ ይዘጉ ነበር።

ግንቡን ያሠራው አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ነው። ይህ ሰው ለቤተ ክርስቲያን ልጆች ባዕድ ስም አይደለም፤ የግራኝ አሕመድን ሚስት ድል ወምበራን ያገባ፣ በ1551 ዓ.ም. ዐፄ ገላውዴዎስን በጦር ሜዳ የገደለው ሠራዊት አለቃ እርሱ ነውና። መቃብሩ በጀጎል ውስጥ ይገኛል። መሪያችን የነበረው ሐረሪ ወጣት ወደዚያ ሊወስደን በተነሣ ጊዜ አያታችን፣ «እናንተ ግቡ፤ እኔ ከዚህ እጠብቃችኋለሁ» ብለው ከበሩ ራቅ ብለው ከጥላ ሥር ተቀመጡ። ወጣቱም ምንም አልተናገረም፤ ብቻ ከአንዲት ጎረቤት ቤት በርጩማ አምጥቶ ሰጣቸው።

የአማርኛ ተናጋሪን ከሁሉ የሚያስደንቀው የሕዝቡ ቋንቋ ነው። ሐረሪዎችን ቀድሞ «አደሬ» እንላቸው ነበር፤ ይህን ስም ስለማይወዱት ልንተወው ይገባል። እነርሱ ከተማቸውን «ጌይ» ይሏታል፤ ትርጓሜውም «ከተማ» ማለት ብቻ ነው፤ ሌላ ከተማ የሌለ ያህል! ቋንቋቸውም «ጌይ ሲናን»፣ የከተማ ቋንቋ፣ ይባላል። ብዙ ሰው ዐረብኛ ወይም ሶማልኛ ይመስለዋል። ነገር ግን ከግዕዝና ከአማርኛ ወገን የሆነ ሴማዊ ቋንቋ ነው፤ የቅርብ ዘመዱም ስልጥኛ ነው። አምስትን «ሐሚስቲ»፣ ስድስትን «ሲዲስቲ»፣ በርን «በሪ» ሲሉ የሰሙት ልጆቻችን፣ «ይኼማ የእኛ ነው!» ብለው ጮኹ። ለብዙ ዘመን በዐረብ ፊደል ሲጻፍ የኖረ ሲሆን በኋላ በእኛው ፊደል መጻፍ ተጀምሯል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ በሐረሪ ክልል ውስጥ ሐረሪዎች ከመቶ ዘጠኝ እንኳ አልሞሉም። ይህን ያህል ጥቂት ሆነው ቋንቋቸውን መጠበቃቸው የሚያስመሰግናቸው ነው።

ከተማዪቱ ለሁለት መቶ ሠላሳ ዓመት ገደማ ራሷን የቻለች የአሚሮች መንግሥት ሆና፣ ማሐለቅ የተባለ የራሷን ገንዘብ እየቀረጸች ኖራለች። ክርስቲያን ወይም ፈረንጅ ከገባባት ትጠፋለች የሚል ትንቢት እንደ ነበረ፣ በ1847 ዓ.ም. በድፍረት ገብቶ ዐሥር ቀን የሰነበተው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ጽፏል። በእርግጥም እርሱ በወጣ በሃያ አንድ ዓመቱ ግብፆች መጥተው ያዟት፤ አሚሩንም ገደሉ። ዐሥር ዓመት ያህል ገዝተው በ1877 ዓ.ም. ሲወጡ አሚር አብዱላሂ ነገሠ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ጨለንቆ መጣ።

ከዚያ በኋላ ሐረርን እንዲገዙ የተሾሙት ራስ መኰንን ናቸው። የቁልቢን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት እርሳቸው መሆናቸውን፣ በ1898 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ታመው ያረፉትም በዚያው በቁልቢ መሆኑን፣ የተቀበሩትም በሐረር ሚካኤል መሆኑን ከስንት ተሳላሚ መካከል ስንቱ ያውቃል? ልጃቸው ተፈሪ፣ በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ፣ በ1884 ዓ.ም. የተወለዱት ከሐረር አቅራቢያ በኤጄርሳ ጎሮ ነው።

በፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ በጀጎል መካከል የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ገብተን ተሳለምን። የተሠራው ግብፆች መስጊድ አቁመውበት በነበረው ሥፍራ ላይ መሆኑን ግን መሸሸግ አይገባም፤ ሐረሪዎችም አልረሱትም። ጊዜው ጾመ ነቢያት ስለ ነበረ ከቅዳሴ ወጥተን ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመን ሳለ አዛን ተሰማ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ዕጣንና ጧፍ ትሸጥ የነበረችው ሴት ሙስሊም ነበረች፤ ዕቃዋን ለጎረቤቷ ለክርስቲያኒቱ አደራ ብላ ወደ ሶላቷ ሄደች።

በጀጎል ውስጥ 368 መተላለፊያ መንገዶች አሉ ይባላል። እኛ የቈጠርነው የጠፋንባቸውን ብቻ ነው። ከነዚህ አንደኛው «መኪና ግርግር» ይባላል፤ በግራና በቀኝ የተቀመጡ ልብስ ሰፊዎች የሚያሽከረክሩት የስፌት መኪና ድምፅ ስም ሆኖ ቀርቷል። ሌላው እጅግ ጠባብ ከመሆኑ የተነሣ ሁለት ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ሳይነካኩ አይተላለፉበትም፤ የተጣሉ ሰዎች በዚያ ከተገናኙ ሰላምታ ሳይለዋወጡ ማለፍ ስለማይቻላቸው የዕርቅ መንገድ ብለውታል።

በዚያ ሌሊት ከግንቡ ውጭ የጅብ መመገቢያ ወደሚባለው ሄድን። አንድ ሰው ሥጋ በእንጨት ጫፍ አድርጎ ጅቦቹን በየስማቸው ሲጠራ፣ ከጨለማው አንድ ባንድ ወጡ። ታላቁ ልጃችን እንጨቱን ተቀብሎ አበላ፤ ታናሹ ከእናቱ ቀሚስ ሥር አልወጣም፤ አያታችን ከመኪና ሳይወርዱ መቁጠሪያቸውን ይቈጥሩ ነበር። ይህ በየማታው የሚደረገው ትርኢት ካለፈው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ወዲህ የተጀመረ ነው። የቈየው ልማድ ግን ሌላ ነው። በአንድ የረኃብ ዘመን ጅቦች ሰው ማጥቃት ቢጀምሩ፣ የከተማው ሰዎች ገንፎ አዘጋጅተው ሰጥተው ታረቋቸው ይባላል። ዛሬም በዓሹራ ዕለት ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ይቀርብላቸዋል። ጅቡ ከግማሽ በላይ በልቶ ጥቂት ቢያስቀር ዓመቱ መልካም ይሆናል፤ ፈጽሞ ባይቀምስ ወይም ጠርጎ ቢጨርስ ግን ክፉ ምልክት ነው ይላሉ። በግንቡ ግርጌም «ዋራባ ኑዱል»፣ የጅብ ቀዳዳ፣ የሚባሉ መሹለኪያዎች አሉ። ጠላት እንዳይገባ አራት ሜትር ግንብ ያቆመ ሕዝብ ለጅብ በር መተዉን በሌላ አገር አልሰማንም።

በማግስቱ ጧት የፈረንሳዊውን ባለቅኔ የአርተር ራምቦን ቤት አየን። ራምቦ ቅኔውን ትቶ በ1873 ዓ.ም. የቡና ነጋዴ ሠራተኛ ሆኖ ወደ ሐረር መጣ፤ እየሄደ እየተመለሰም እስከ 1883 ዓ.ም. ድረስ ኖረባት። በመጨረሻም ጕልበቱ አብጦ በሰው ሸክም ወደ ባሕር ወረደ፤ በማርሴይ እግሩ ተቈርጦ በ1884 ዓ.ም. ሞተ። በስሙ የሚጠራው ባለ መስኮተ ብዙ ቤት ግን እርሱ የኖረበት አይደለም፤ ከርሱ በኋላ አንድ የህንድ ነጋዴ ያሠራው ነው። ቢሆንም ያማረ ቤት ስለ ሆነ ገብቶ የሚያይ ሰው አይጸጸትም።

ከዚያም ወጣቱ መሪያችን፣ «የሐረር ነገር ከቤት ውስጥ ነው» ብሎ ወደ አክስቱ ቤት ወሰደን። የሐረሪ ቤት ለመንገድ የሚያሳየው ባዶ ግድግዳ ብቻ ነው። በሩን አልፎ ግቢውን የተሻገረ ሰው ግን ጌጠኛ አዳራሽ ያገኛል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በስፌትና በጣባ፣ በሰሐንና በቈሪ ተሸፍኗል። ወንበር የለም፤ ከግንብ የተሠሩ «ነደባ» የሚባሉ አምስት መደቦች ደረጃ በደረጃ ተሠርተዋል። የቤቱ ጌታ መቀመጫ፣ የሽማግሌ፣ የወጣቱና የልጁ፣ የእንግዳው ሥፍራ ሁሉ የታወቀ ነው። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ ምንጣፍ ካለ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ በቤቱ አለች ማለት ነው። በእኛ አገር ሽማግሌ ልኮ የሚጠየቀውን እዚህ ምንጣፍ ይናገረዋል።

የቤቱ እመቤት በዕድሜ ከአያታችን ብዙ አያንሱም። «ቤት ለእንግዳ» ብለው አያታችንን እጃቸውን ይዘው ከላይኛው መደብ አስቀመጧቸው። በሐረር ከቡና ቅጠል ወይም ከገለባው የሚፈላውን መጠጥ በወተት ማቅረብ ልማድ ነው። እመቤቲቱ ግን ለእኛ ያመጡት ያለ ወተት ነበር። ልናመካኝ ስንዘጋጅ፣ «የገና ጾም አይደለም እንዴ? ጎረቤቶቼ ይጾማሉ፤ አውቃለሁ» አሉን። ከረመዳን በኋላ እርሳቸውም ስድስት ቀን ጨምረው እንደሚጾሙ፣ በፍጻሜውም ሸዋሊድ የሚባል በዓል እንደሚያከብሩ ነገሩን፤ ይህ በዓል በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከማይዳሰሱ ቅርሶች ተመዝግቧል። ሁለቱ አሮጊቶች ስለ ጾም፣ ስለ ጕልበት ሕመምና ስለ ልጅ ልጆች ብዙ ተጨዋወቱ።

በዚህ መካከል ታናሹ ልጃችን፣ «እማማ፣ መሬቱ ለምን ቀይ ሆነ?» ብሎ ጠየቀ። መደቦቹም ወለሉም በቀይ አፈር የተለቀለቁ ነበሩ።

ወጣቱ ወደ አክስቱ ተመለከተ። እርሳቸውም፣ «የጨለንቆ ደም ነው፣ ልጄ። እዚያ የወደቁት አባቶቻችን እንዳይረሱ በቀይ አፈር እንለቀልቀዋለን» አሉት።

ልጁ ደስ ብሎት፣ «ጨለንቆን አውቀዋለሁ! የእኛ አባቶችም እዚያ ነበሩ! ድል አደረጉ!» አለ።

ምን እንደምንል ጠፋን። አያታችን ስኒያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «ልጁ እውነቱን ነው» አሉ። «ቅድመ አያቴ ከንጉሡ ጋር ነበሩ። እርሳቸው ቆስለው ተመለሱ፤ ታናሽ ወንድማቸው ግን በዚያው ቀሩ። እናታቸው እስኪሞቱ ድረስ በር በሩን ያዩ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ።»

ይህን የወንድምየውን ነገር እኛ ከዚያ ቀን በፊት ሰምተነው አናውቅም። በየበዓሉ ሲተረክልን የነበረው ድሉ ብቻ ነበር።

እመቤቲቱ ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና፣ «ስሙ ማን ነበር?» ሲሉ ጠየቁ። አያታችን ነገሯቸው። ቀጥለውም አያታችን፣ «የእናንተስ?» አሉ። እመቤቲቱም በዚያ ቀን ከዚህ ቤት ወጥተው ያልተመለሱትን የሁለት ወንድማማቾች ስም ተናገሩ፤ አንደኛው ካገባ ገና ጥቂት ወር ነበር አሉ። አያታችን ስሞቹን በደንብ ለመያዝ አስደግመው ሰሙ። ከዚያም ልንነሣ ብንል፣ «በአቦል ብቻ አይኬድም» ብለው ጀበናውን መልሰው ጣዱት፤ እስከ በረካው ተቀመጥን።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ቁልቢን አልፈን ጥቂት እንደ ሄድን፣ አያታችን ሾፌሩን አቁም አሉት። ጨለንቆ ነበር። ልጆቹ ሊወርዱ ሲሉ በእጃቸው ከልክለው ብቻቸውን ወረዱ። ከመንገዱ ዳር ቆመው ነጠላቸውን ፈትተው፣ ጥለቱ ወደ አንገታቸው እንዲወጣ ለኀዘን አዘቅዝቀው መልሰው አጣፉት። የጭነት መኪናዎች እየጮኹ ያልፉ ነበር። አያታችን አራት ስም ጠርተው ሲያማትቡ አየን፤ አራተኛው የቆሰሉት የቅድመ አያታቸው ስም ነበር።